“ንጉሥ አይከሰስ” ያላለው የአሌክሳንድሪያ ጠበቃ፦ ቻርልስ ሊ ማን ነበር?

በቪዲዮ ዝግጅቶቻችን ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ባነሳን ቁጥር አንድ ጥያቄ ተመላልሶ ይመጣልናል። “ለመሆኑ እዚህ ሀገር አንድ ዳኛ ተነስቶ ፕሬዚዳንትን ‘ይህ አይሆንም’ የማለት ሥልጣን ከየት አመጣ?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ያደግንበት ተረት “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ነው የሚለው። ስለዚህ ዳኛ መንግሥትን ሲያግድ ስናይ ብንገረም አይፈረድብንም።

ለዜግነት ፈተና የተዘጋጃችሁ ሁሉ መልሱን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። “የፍርድ ቤቱ ክፍል ሥራው ምንድን ነው?” ሲባል ከመልሶቹ አንዱ “አንድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር መጋጨቱን ይወስናል” የሚል ነው። ፈተናውን አልፈን፣ እጃችንን አንስተን ምለን፣ ባንዲራዋን ይዘን ወጥተናል። ግን ያቺ አንድ መስመር መልስ ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱን አገላብጣችሁ ብታነቡት እንኳ ቃል በቃል ተጽፎ አታገኙትም። የመጣው ከአንድ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ክርክሩን የጀመረው ጠበቃ ደግሞ የዚሁ የእኛ ሰፈር ሰው ነው። ቻርልስ ሊ ይባላል፤ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነበር። ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ዛሬ የእሱን ሕይወትና ሥራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እናያለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የሀገራችን አቆጣጠር ሲሆን እንናገራለን።

ሰፈሩን እንወቅ

መጀመሪያ ካርታውን እናስተካክል። ዛሬ ክሪስታል ሲቲ ያለበት መሬት ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ካውንቲ ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ዋና ከተማዋ ስትከለል ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያና ወዲህ አንድ ላይ ተቆርጣ ነበር። የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ የተተከለው በኤፕሪል 1791 በአሌክሳንድሪያ ጆንስ ፖይንት ላይ ነው፤ ዛሬ የዊልሰን ድልድይ ከላዩ የሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው። በ1801 ኮንግረስ አካባቢውን በሁለት ካውንቲ ከፈለው፦ ከወንዙ ወዲያ ዋሽንግተን ካውንቲ፣ ከወንዙ ወዲህ አሌክሳንድሪያ ካውንቲ። ስለዚህ ዛሬ አፓርታማና ቢሮ የሞላው ክሪስታል ሲቲ በዚያን ጊዜ የዲሲ አካል ነበር። ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰው ኮንግረስ በ1846 ባወጣው ሕግ ሲሆን፣ አርሊንግተን የሚለውን ስም ያገኘው በ1920 ነው።

ይህን ያነሳነው ለወሬ አይደለም። ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ ጠቡ ሁሉ የተነሳው “የዚህ አካባቢ አጥቢያ ዳኛ ማን ይሁን?” በሚል ጥያቄ ነው። በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት ታላላቅ ፍርዶች አንዱ የጀመረው በሰፈር ሹመት ነው።

ከሊሲልቬንያ እስከ ጉምሩክ ቤት

ቻርልስ ሊ የተወለደው በ1758 ነው። የተወለደበት እርሻ ሊሲልቬንያ ይባላል። ዉድብሪጅ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ በፖቶማክ ዳር ያለ የሕዝብ ፓርክ ነው፤ በበጋ ሥጋ ጠብሰን፣ ልጆች አሯሩጠን የምንመለስበት። የሊ ቤተሰብ በቨርጂኒያ ስሙ የገነነ፣ መሬትና ባሪያ የነበረው፣ ሹመት ከእጁ የማይወጣ ቤተሰብ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሄንሪ ሊ በነፃነት ጦርነቱ የፈረሰኛ አዛዥ፣ በኋላም የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሆኗል። ሌላው ወንድሙ ሪቻርድ ብላንድ ሊ የኮንግረስ አባል ነበር። የደቡቡን ጦር የመራው ሮበርት ሊ የሄንሪ ልጅ ነው። ስለዚህ ቻርልስ ለሮበርት አጎቱ ይሆናል ማለት ነው። በየመንገዱ የምታዩት “ሊ” የሚለው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንድሙ ልጅ እንጂ የእሱ አይደለም፤ እንዳታምታቱት።

ቻርልስ በዛሬው ስሙ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1775 ተመረቀ። ከዚያ በፊላደልፊያ በታወቀው ጠበቃ በጃሬድ ኢንገርሶል ዘንድ ሕግ ተማረ። በዚያን ዘመን የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ዲግሪ መያዝ የተለመደ አልነበረም፤ ከትልቅ ጠበቃ ሥር ቁጭ ብለህ መዝገብ እየገለበጥክ፣ ችሎት እየተከተልክ ነበር የምትማረው። የእኛ ሀገር የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር እንደሚማረው ብታስቡት ያስኬዳል።

ሊ በመንግሥት ሥራ የጀመረው በወንዝ ዳር ነው። በፖቶማክ ደቡባዊ ክፍል የመርከቦችን ጉዳይ የሚከታተል ሹም ሆኖ ሠራ። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ደግሞ በ1789 የአሌክሳንድሪያ ወደብ የጉምሩክ ሰብሳቢ አድርገው ሾሙት። አሌክሳንድሪያ ያኔ ትምባሆና ዱቄት የሚጫንባት የደራች ወደብ ነበረች። ዛሬ አይስክሬም ይዘን ከምንንሸራሸርበት ከኪንግ ስትሪት ጫፍ መርከቦቹ ይቆሙ ነበር። የዋሽንግተን መኖሪያ ማውንት ቨርኖንም ቅርብ ነው፤ ሊ የዋሽንግተንን የግል የሕግ ጉዳዮችም ይይዝ ነበር። ከጉምሩኩ በኋላ ከ1793 እስከ 1795 በቨርጂኒያ ምክር ቤት ተወካይ ሆነ።

ቢሮና ጸሐፊ የሌለው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ

በ1795 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዊልያም ብራድፎርድ ሞቱ። ዋሽንግተን በዓመቱ መጨረሻ ቻርልስ ሊን በቦታው ሾሙት። የሀገሪቱ ሦስተኛው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲሆን ዕድሜው 37 ነበር።

ይህ ሹመት ዛሬ እንደምናውቀው እንዳይመስላችሁ። የፍትሕ ሚኒስቴር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተቋቋመው በ1870 ነው። ሕጉ ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮም ጸሐፊም አልሰጠውም። በ1789 የተቆረጠው ደመወዝ በዓመት 1,500 ዶላር ብቻ ነበር። ስለዚህ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የመንግሥትን ጉዳይ እየያዘ ጎን ለጎን በግሉ ጥብቅና ይሠራ ነበር። ልክ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ኡበር እንደሚነዳው የእኛ ሰው፣ ሁለት ሥራ ነበረው ማለት ይቻላል።

በዚህ ሹመት ላይ እያለ ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ በ1796 የታየው የሠረገላ ግብር ክርክር ነው። ኮንግረስ በሠረገላ ላይ ግብር ጣለ፤ አንድ የቨርጂኒያ ሰው “ይህ ግብር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል” ብሎ ተከራከረ። ሊ ከአሌክሳንደር ሃሚልተን ጋር ሆኖ ለመንግሥት ቆመ። በሌላኛው ወገን ከቆሙት ጠበቆች አንዱ የራሱ አስተማሪ ኢንገርሶል ነበር። ፍርድ ቤቱ ግብሩን አጸደቀው፤ ተማሪው መምህሩን ረታ። ጉዳዩ የሚጠቀሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድን የኮንግረስ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አስተያይቶ ሲመዝን የመጀመሪያው ስለሆነ ነው። “መመዘን እችላለሁ” አለ እንጂ ሕጉን ግን አላፈረሰም። ማፍረሱ ሰባት ዓመት ቆይቶ መጣ።

1798፦ ለስደተኛ የከበደው ዓመት

ዋሽንግተን ሲወርዱ ጆን አዳምስ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሊንም በሹመቱ አቆዩት። የአዳምስ ዘመን ግን ከፈረንሳይ ጋር ጠብ የተካረረበት ነበር። በባሕር ላይ መርከቦች ይተኳኮሳሉ፤ ጦርነት ግን በይፋ አልታወጀም። በኦገስት 1798 ሊ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነቱ የጽሑፍ አስተያየት ሰጠ፤ በሁለቱ ሀገሮች መካከል በሁለቱም መንግሥታት የተፈቀደ የባሕር ጦርነት አለ የሚል ነበር። ጦርነት አለ ማለት ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የተባበረ ሰው በሀገር ክህደት ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጋ ኮንግረስ አራት ሕጎች አወጣ። አንዱ ዜግነት ለማግኘት የሚያስፈልገውን የመኖሪያ ጊዜ ከ5 ዓመት ወደ 14 ዓመት አሳደገው። ሁለተኛው ፕሬዚዳንቱ “አደገኛ ነው” ያሉትን ማንኛውንም የውጭ ሰው ያለ ፍርድ ማባረር እንዲችሉ ፈቀደ። ሦስተኛው በጦርነት ጊዜ የጠላት ሀገር ዜጎችን ማሰርና ማባረር ፈቀደ። አራተኛው መንግሥትን በክፉ የሚያነሳ ጽሑፍ ያወጣ እንዲታሰር አደረገ። በዚህ በአራተኛው ሕግ ከታሰሩት አንዱ አየርላንድ ተወልዶ እዚህ የኮንግረስ አባል እስከመሆን የደረሰው ማቲው ላዮን ነው። አራት ወር እስርና 1,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት፤ የቬርሞንት ሕዝብ ግን እስር ቤት እያለ መልሶ መረጠው።

ሕጎቹን ያወጣው ኮንግረስ፣ የፈረሙት አዳምስ ናቸው። ሊ ግን የዚያ መንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ ነበርና ታሪኩን ስናወራ ይህን ዘለን ማለፍ አንችልም። ሕግን በመንግሥት ላይ ያቆመው ሰው፣ መንግሥት በስደተኛና በጸሐፊ ላይ ክንዱን ባነሳበት ዘመን በመንግሥቱ ውስጥ ነበር።

ከአራቱ ሕጎች ሁለቱ ጊዜያቸው አልፎ ሞቱ። የዜግነቱ 14 ዓመት በ1802 ተሽሮ ወደ 5 ተመለሰ። ግሪን ካርድ ይዘን “አምስት ዓመቴ መቼ ይሞላል” ብለን የምንቆጥረው ቁጥር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነው። የጠላት ሀገር ዜጎች የሚለው ሕግ ግን ዛሬም አለ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሥራ ላይ ውሏል፤ በማርች 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቬንዙዌላ ወንበዴ ቡድን አባላት ናቸው የተባሉ ሰዎችን ለማባረር አንስተውታል። 227 ዓመት ያስቆጠረ ሕግ ከመሳቢያ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ “ያረጀ ሕግ” ብላችሁ አትናቁ።

የሌሊት ሹመቶች

በ1800ው ምርጫ አዳምስ ተሸነፉ፤ ቶማስ ጄፈርሰን አሸነፉ። ሥልጣን ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላ ፓርቲ ሲተላለፍ ለሀገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እንደሚባለው፣ የአዳምስ ሰዎች ከመውጣታቸው በፊት ፍርድ ቤቱን በራሳቸው ሰው ለመሙላት ተጣደፉ። አዳዲስ የዳኝነት ወንበሮች ተፈጠሩ። ቻርልስ ሊ ራሱ ከነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተሾመ። ለዲሲ ሁለት ካውንቲዎች ደግሞ 42 አጥቢያ ዳኞች ታጩ፤ ሴኔቱም አጸደቃቸው። ይህ የሆነው አዳምስ ሊወርዱ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው።

የሹመት ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ፤ ማኅተምም ተመታባቸው። ማኅተሙን ያስመታው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ነበር። ይህ ሰው በዚያው ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፕሬዚዳንት ነበር፤ ሁለቱን ሥራ ደርቦ ይዟል። ከጥድፊያው የተነሳ ግን ደብዳቤዎቹ ሁሉ ለባለቤቶቻቸው አልደረሱም። የማርሻል ወንድም ጄምስ በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ በአሌክሳንድሪያ ረብሻ ይነሳል የሚል ወሬ ሰምቶ የዚያን ካውንቲ ዳኞች ደብዳቤ ሊያደርስ ወሰደ፤ ሁሉንም መያዝ ሲያቅተው የተወሰኑትን መለሳቸው። ከተመለሱት ውስጥ የሮበርት ሁና የዊልያም ሃርፐር ደብዳቤዎች እንደነበሩ ተናገረ። እስቲ አስቡት! ሰውየው ወረቀቱን በሙሉ ይዞ ቢሄድ ኖሮ ምናልባት ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዙ ያልደረሱት ደብዳቤዎች እንዳይሰጡ አደረጉ። አራት ሰዎች “ሹመታችን ተፈርሞ፣ ታትሞ አልቋል፤ ደብዳቤያችን ይሰጠን” ብለው ተነሱ። አንዱ ዊልያም ማርበሪ ነው፤ የጆርጅታውን ነጋዴና ባለሀብት። ጆርጅታውን ኤም ስትሪት ላይ የነበረው ቤቱ ዛሬ የዩክሬን ኤምባሲ ነው። ሌሎቹ የአሌክሳንድሪያ ሰዎች ናቸው፦ የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ የነበረው ሮበርት ሁ፣ እሱም ከንቲባ የነበረውና የዋሽንግተንን አስከሬን ካጀቡት አንዱ የሆነው ዴኒስ ራምሴይ፣ እንዲሁም ዊልያም ሃርፐር። ጠበቃቸው ቻርልስ ሊ ሆነ። ከሳሽም ጠበቃም የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ክርክሩ

ሊ አቤቱታውን በዲሴምበር 1801 በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ። የጠየቀው ነገር ግልጽ ነው፦ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰን ደብዳቤዎቹን እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይስጥ። የጄፈርሰን ፓርቲ የያዘው ኮንግረስ በ1802 አዳዲሶቹን የዳኝነት ወንበሮች ሻረ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱንም የችሎት ጊዜ ለወጠ። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይሰየም ቆየ።

ክርክሩ የተሰማው በፌብሩዋሪ 1803 ነው። ማዲሰን አልቀረበም፤ ጠበቃም አልላከም። እንደ እኛ አነጋገር “ናቃቸው”። ሊ ደብዳቤዎቹ መኖራቸውን ማስረዳት ነበረበት፤ ግን ማን ይመስክርለት? ሴኔቱን የሹመቱን መዝገብ ግልባጭ ጠየቀ፤ እምቢ ተባለ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችን አስጠራ፤ “የቢሮ ምስጢር ነው” ብለው ለመማል አንገራገሩ። በመጨረሻ የጄፈርሰንን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሌቪ ሊንከንን አስጠራ፤ ሊንከን በለውጡ ሰሞን የውጭ ጉዳዩንም ደርቦ ይዞ ነበር። እሱም አመነታ፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ፤ በማግሥቱ ሲመልስ ደብዳቤዎቹ ማዲሰን እጅ መድረሳቸውን እንደማያውቅ ተናገረ።

የሊ ዋናው ክርክር ግን በምስክር አይደለም የሚቆመው። እንዲህ ነው፦ አንድ ሚኒስትር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ የፕሬዚዳንቱ ረዳት ሆኖ የሚሠራው ነው፤ በዚህ ተጠያቂነቱ ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት አይገባበትም። ሁለተኛው ሕግ ራሱ “ይህን ሥራ” ብሎ ያዘዘው ነው፤ መዝገብ መያዝ፣ ማኅተም መምታት፣ የሚገባን ወረቀት ለሚገባው ሰው መስጠት። በዚህኛው ሚኒስትሩ የሕዝብ አገልጋይ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ እንኳ “አትስጥ” ሊለው አይችልም፤ ካልሰጠ ሊከሰስ ይገባል።

ይህን ክርክር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። ቀበሌ ሄደን መታወቂያ የጠየቅን፣ “አለቃው አልፈቀደም” ተብለን የተመለስን ሁሉ እናውቀዋለን። ሊ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕግ የሰጠኝን ወረቀት ለመስጠት የአለቃህ ደስታ አያስፈልግም።

ተሸንፎ ያሸነፈ ጠበቃ

ፍርዱ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1803 ተነበበ። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ቼዝ ታሞ ስለነበር የተሰየሙት እሱ ባረፈበት ሆቴል ነው። ፍርዱን የጻፈው ማርሻል ነበር፤ ያው ማኅተሙን ያስመታው ሰው። ዛሬ ቢሆን “ዳኛው ከችሎት ይነሳልን” ይባል ነበር።

ማርሻል ሦስት ጥያቄ አነሳ። ማርበሪ ደብዳቤውን የማግኘት መብት አለው ወይ? አዎ። መብቱ ሲጣስ ሕግ መፍትሔ ይሰጠዋል ወይ? አዎ፤ እዚህ ላይ የሊን ሁለት ዓይነት ሥራ የሚለውን ክርክር ተቀበለው። መፍትሔውን የሚሰጠው ይህ ፍርድ ቤት ነው ወይ? አይደለም። ኮንግረስ በ1789 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለ አቤቱታ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ፈቅዷል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን በቀጥታ የሚቀርቡለትን ጉዳዮች ለይቶ ቆጥሯል፤ ይህ ከነዚያ ውስጥ የለም። ሕግና ሕገ መንግሥት ከተጋጩ ደግሞ የሚጸናው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ይህን መናገርም የዳኛ ሥራ ነው።

ብልሃቱን አያችሁ? ፍርድ ቤቱ “ደብዳቤውን ስጥ” ቢል ጄፈርሰንና ማዲሰን እምቢ ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱም ይዋረዳል። ዝም ቢል ፈራ ይባላል። ማርሻል ግን ትንሿን ሥልጣን ጥሎ ትልቁን አነሳ። ጄፈርሰን የሚጥሱት ትእዛዝ አላገኙም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሕግን የማፍረስ ሥልጣን እንዳለው ተጻፈ። ማርበሪ ወንበሩን አላገኘም። ሊም መዝገቡን ተሸነፈ፤ ሐሳቡ ግን ቀረ።

ከስድስት ቀን በኋላ በማርች 2 ሊ ሌላ ሽንፈት ገጠመው። በዚህኛው ጉዳይ “ኮንግረስ የዳኞችን ወንበር መሻሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል” ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተረታ።

ከዚያ በኋላ

ሊ በዚህ አላበቃም። ያ ታሞ የነበረው ዳኛ ቼዝ በ1804 በተወካዮች ምክር ቤት ተከሰሰ፤ ክሱ በሴኔት በ1805 ሲታይ ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዱ ቻርልስ ሊ ነበር። ቼዝ ነፃ ወጣ፤ “ፍርዱን አልወደድኩትም” ብሎ ዳኛን ማውረድም ልማድ ሳይሆን ቀረ። ያንን የሴኔት ችሎት የመሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር ነበሩ።

ጉድ እኮ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሮን በር ራሳቸው በሀገር ክህደት ተከሰሱ። ግብረ አበሮች ናቸው የተባሉ ሁለት ሰዎች በወታደር ተይዘው ከኒው ኦርሊንስ ዋሽንግተን መጡ። ሴኔቱ በአካል ነፃ የመውጣት መብትን ለጊዜው የሚያግድ ሕግ አጸደቀ፤ የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን ጣለው። ሊ ከሌሎች ጠበቆች ጋር ሆኖ ለእስረኞቹ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመ፤ በፌብሩዋሪ 1807 ተለቀቁ። በዚያው ዓመት በሪችመንድ የበርን ክስ ከተከላከሉት ጠበቆች አንዱም እሱ ነበር። በርም ነፃ ወጡ። ከነዚህ መዝገቦች የወጣው ነጥብ ለእኛ ቅርብ ነው፦ ሀገር ክህደት ማለት መንግሥትን መጥላት ወይም ማማት አይደለም፤ በተግባር ጦር ማንሳት ነው፤ ለዚያውም ለአንዱ ድርጊት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል።

ሊ በ1815 በቨርጂኒያ ዋረንተን አካባቢ አረፈ፤ 57 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። የተቀበረውም እዚያው ነው።

የማይዘለለው ነገር

አሁን መራራውን እንናገር። ይህ ሁሉ የመብት ክርክር ሲካሄድ፣ በሊሲልቬንያ ትምባሆ የሚያለሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። የዜግነት ሕጉ ከ1790 ጀምሮ “ነፃ ነጭ ሰው” ብቻ ይል ነበር። በቻርልስ ሊ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ አሌክሳንድሪያ ቢደርስ 5 ዓመትም 14 ዓመትም ቢቆይ ዜጋ አይሆንም ነበር። በሩ ለአፍሪካ ተወላጆች የተከፈተው በ1870 ነው። በአሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ከሀገሪቱ ትልልቅ የባሪያ ነጋዴዎች አንዱ ሱቅ ነበረ፤ ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዷቸው።

ፍርድ ቤቱም ቢሆን ሁልጊዜ ለደካማ የቆመ አይደለም። ከማርበሪ መዝገብ በኋላ የኮንግረስን ሕግ ለሁለተኛ ጊዜ ያፈረሰው በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ነው፤ ያኔ የፈረደው ጥቁር ሰው የዚህ ሀገር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። ይህን ፍርድ ለመሻር የእርስ በርስ ጦርነትና በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አስፈልገዋል። እዚህ ሀገር የተወለዱ ልጆቻችን ሲወለዱ ዜጋ የሆኑት በዚያ ማሻሻያ ነው። በጃንዋሪ 2025 ይህን መብት የሚያጠብ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሲወጣ ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት የሄደው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንደኛ፣ እዚህ ለምንኖረው። በኤፕሪል 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በ1798ቱ ሕግ የሚባረሩ ሰዎች አስቀድሞ ሊነገራቸውና በአካል ነፃ የመውጣት አቤቱታ ማቅረቢያ ጊዜ ሊያገኙ ይገባል ብሏል። ሊ በ1807 ለሁለት እስረኞች የቆመበት አቤቱታ ያው ነው። ወረቀት ላይ ያለ መብት ግን ራሱን አያስከብርም፤ ጠበቃ ይፈልጋል፤ ቀጠሮ ማክበር ይፈልጋል፤ ደብዳቤ ሳይከፍቱ አለማስቀመጥ ይፈልጋል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለባችሁ ወገኖች፣ የሰፈር ወሬ ይዛችሁ ከመወሰን ፈቃድ ያለው ጠበቃ አማክሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሀገራችን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመጨረሻውን የትርጉም ሥልጣን ለፍርድ ቤት አልሰጠም። በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሰጠው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ደግሞ መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ይህን በዓይናችን አይተናል። ጉባኤው የባለሙያዎችን ክርክር በቴሌቪዥን ሰማ፤ ውሳኔውን ግን የሰጠው ምክር ቤቱ ነው። ይህ አደረጃጀት ብሔር ብሔረሰቦች የሕገ መንግሥቱ ባለቤት ናቸው ከሚል መነሻ የመጣ ነው፤ ደጋፊም ተቃዋሚም አለው። እኛ የምንለው ጥያቄው በደንብ ይነሳ ነው፦ የሚከሰሰው መንግሥት ሆኖ ፈራጁ የፖለቲካ ምክር ቤት ሲሆን፣ አንድ ተራ ዜጋ የት ይሂድ?

በሌላ በኩል የአሜሪካው መንገድም ከሰማይ አልወረደም። የተጀመረው ወንበር በተነፈጉ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነው፤ ጠበቃው ራሱ የዚያው ፓርቲ ሰው ነው፤ ዳኛው የጥፋቱ ተካፋይ ነው። ንጹሕ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሁሉም አንድ ነገር አደረጉ፤ ጠባቸውን ይዘው ችሎት ሄዱ። ጄፈርሰን ፍርዱን ባይወዱትም ፍርድ ቤቱን አልዘጉም። ማርበሪ ቢሸነፍም ቤቱ ገባ። አባቶቻችን መንገድ ላይ “በሕግ አምላክ!” ሲባሉ፣ የሚያስቆማቸው ወታደር ሳይኖር ቀጥ ይሉ ነበር። ሁለቱም ሀገር የሚያስፈልገው ያ ነው፤ ለማን እንደሚጠቅም ሳያሰሉ ቀጥ ማለት።

ከክሪስታል ሲቲ በሰማያዊው ወይም በቢጫው ባቡር ጥቂት ፌርማታ ሄዳችሁ ኪንግ ስትሪት ስትወርዱ፣ ይህ ሁሉ የሆነው በዚያ ሰፈር ሰዎች መካከል መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እነሱ በትምህርት ቤት የማርበሪን ስም ይማራሉ፤ የጠበቃውን ስም ግን እናንተ ትጨምሩላቸዋላችሁ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እንመለስበታለን። ሰላም ሁኑ።